«ሥራው ለአገር ልጅ!» ሲባል፣ ከማጨብጨባችሁ በፊት

ምርጫ በቀረበ ቁጥር አንድ መፈክር አይጠፋም። «የውጭ ዕቃ ይቁም፣ ሥራው ለአገር ልጅ!» ደስ ይላል። እኔም አንድ ጊዜ ደብረ ማርቆስ ላይ መዳፌ እስኪቀላ አጨብጭቤያለሁ። ያጨበጨብሁት ታዲያ የቻይና ሸሚዝ ለብሼ ነው። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ ንግግር ስሰማ የምፈትሽበት መንገድ አለኝ፣ እናንተም ሞክሩት።

መጀመሪያ ንግግሩን ተዉትና ዕቃውን ያዙ። ገበያ ውጡና አንድ ልብስ ሰፊ አጠገብ ቁሙ። እኔ ፍኖተ ሰላም ላይ የማውቀው አለ፣ አያ ነው የምለው፣ አረንጓዴ ቴትሮን ቁምጣ ይሰፋል። ከዚህ በላይ የጎጃም ልብስ የለም እንላለን እኮ። እስቲ ቁጠሩ። ቴትሮኑ ከውጭ፣ ክሩ ከውጭ፣ ዚፑ ከውጭ፣ የሚረግጣት ሲንጀር ደግሞ በዕድሜ እሱን የምትበልጥ የፈረንጅ ማሽን ናት። የእኛ የሆነው እጁ ነው፤ ቤተሰብ የሚያስተዳድረውም እሱው እጁ ነው። የውጭ ጨርቅ ቢከለከል የጨርቃጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛው ሊጠቀም ይችላል፣ አይካድም። አያ ግን የሚሰፋው ያጣል፣ ወይም ቁምጣው ይወደድና ገበሬው ያሮጌውን ጠጋግኖ ይከርማል። ስለዚህ ወረቀት አውጡና ለሁለት ክፈሉት፤ በአንዱ በኩል «ማን ያገኛል»፣ በሌላው «ማን ይከፍላል» ብላችሁ ጻፉ። ከመድረክ የሚነገራችሁ የመጀመሪያው ብቻ ነው።

ሁለተኛውን አሜሪካኖች በደንብ ቆጥረውታል። እ.ኤ.አ. በ2018 ከውጭ በሚገባ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ላይ ቀረጥ ጣሉ። ተመራማሪዎች ሲያሰሉት ወደ 1,800 ሥራ ተፈጥሯል፤ ሸማቹ ግን በዓመት 1.5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ተጨማሪ ከፍሏል። ለአንድ ሥራ ከ800 ሺህ ዶላር በላይ ማለት ነው! ቀረጥ ያልተጣለበት ማድረቂያ እንኳ አብሮ ተወደደ፣ ሁለቱ ብዙ ጊዜ አብረው ስለሚገዙ።

ቀጥሎ፣ የሚባለው ነገር ድሮም በሕግ የለም ወይ ብላችሁ ጠይቁ። «የውጭ ዜጋ ሥራችንን ወሰደው» ለሚል ሰው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን አሳዩት። የውጭ ዜጋ ያለ ሥራ ፈቃድ መቀጠር አይችልም፣ ፈቃዱም በየዓመቱ ይታደሳል። ላልቶ ከሆነ የላላው ቁጥጥሩ ነው፣ መፈክር አያጠብቀውም። ሕጉ የማይፈቅደውን ቃል የሚገባም አለ። የብሪታንያው ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረው ጎርደን ብራውን እ.ኤ.አ. በ2007 «የብሪታንያ ሥራ ለብሪታንያ ሠራተኛ» አለ። አገሩ ያኔ የአውሮፓ ኅብረት አባል ስለነበረች የሌሎቹን አባል አገሮች ሠራተኛ መከልከል አይችልም። እ.ኤ.አ. በ2009 አንድ የጣሊያን ኩባንያ የራሱን ሠራተኞች ይዞ ሲመጣ፣ አድማ የመቱት እንግሊዞች ያንኑ ቃሉን ጽፈው ወጡበት።

«ይታገድ» ሲባል ደግሞ «በየት በኩል ይገባል?» በሉ። ልባሽ ጨርቅ ማስገባት ክልክል ነው፤ እስቲ ቦንዳ የማይፈታበት ገበያ አሳዩኝ። በጥቅምት 2015 ለ38 ዓይነት ዕቃዎች ማስመጫ ዶላር ተከልክሎ ነበር፣ በዋናነት ዶላሩ ስላጠረ፤ በሐምሌ 2016 ክልከላው ተነሣ። እኔ በምገዛበት ሱቅ ሳሙናውም ብስኩቱም አንድ ቀን አልጠፋ፣ ዋጋው ነው መልኩን የቀየረው።

ዘይት ላይ በተለይ ንቁ። «የራሳችን ፋብሪካ እያለ ለምን ከውጭ?» ይባላል። ነገር ግን ከትልልቆቹ ፋብሪካዎች የሚያጣሩት ድፍድፍ ፓልም ራሱ ከውጭ የሚገዛ የሆነባቸው አሉ። ዶላር ሲጠፋ ፋብሪካውም ይቆማል፣ ሠራተኛውም ቤቱ ይቀመጣል። የእኛ ሰሊጥ ደግሞ ያችኑ ዶላር ፍለጋ ሳይጨመቅ በጆንያ ይወጣል። እና ለተናጋሪው ጥያቄያችሁ አጭር ይሁን፤ ጥሬ ዕቃው ከየት፣ በማን ዶላር፣ እስከ መቼ? ከተንተባተበ መልሱን አገኛችሁ።

የመጨረሻው እኔ ዘግይቼ የጀመርሁት ነው፤ ባለሥራውን ራሱን መጠየቅ። «አያ፣ ምን ቢደረግ ሥራህ ይሰፋል?» አልሁት። የውጭ ጨርቅ የሚባል ከአፉ አልወጣም። «መንገዱ አይዘጋ፣ ገበያተኛው ይምጣ፤ መስፋቱን ለኔ ተውልኝ» አለኝና ሲንጀሯን ረገጣት።