«ሐሳብ ይዞኛል» ሲባል ምኑ ይለካ?

ይህ፣ ታካሚን ሳይፈልገው የሚመጣበትን ሐሳብ በመጠይቅ ለምትለኩ የጤና ሠራተኞች ነው። ጎጃም ላይ አንዱን ገበሬ «ሐሳብ ያስቸግርዎታል?» ብትሉት የማዳበሪያ ዕዳውን ይነግራችኋል። የምትፈልጉት ግን ሳይጠሩት የሚመጣውን፣ ሲያባርሩት የሚመለሰውን ነው። ስለዚህ «ሳይፈልጉት ድንገት ልብዎ ውስጥ የሚገባ፣ አልወጣ የሚል ነገር አለ?» በሉ። «ፈተና ነው»፣ «ጾር ነው» ቢላችሁ አትከራከሩ፤ በዚያው ቃል ቀጥሉ።

ቀጥሎ ዓይነቱን ለዩ። ያለፈ አደጋ ዓይኑ ላይ ድቅን ይላል? «እኔ አልረባም» እያለ ያመነዥጋል? ወይስ የሚጸየፈው ስድብ በቅዳሴ መካከል ይመጣበታል? «ሐሳቡን ሌላ ሰው አስገባብኝ» ወይም «በጆሮዬ ሰማሁት» ካለ ነገሩ ሌላ ነው፤ መጠይቁን አስቀምጡና ወደ አእምሮ ሐኪም ላኩ።

ለኦሲዲ (የማይፈለግ ሐሳብና ድርጊት ለሚደጋገምበት ሕመም) የሚሆነው ዬል-ብራውን የተባለው መጠይቅ 10 ጥያቄ አለው፤ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 4 ይሰጠዋል። የመጀመሪያዎቹ 5 ስለ ሐሳቡ ስለሆኑ ከ20 ይታሰባሉ። ከአደጋ በኋላ ለሚመጣው ሕመም የሚያገለግለው ፒሲኤል-5 ደግሞ 20 ጥያቄ ሲኖረው፣ እዚያም የመጀመሪያዎቹ 5 ከ20 ናቸው። ብዙዎች የሚስቱት እዚህ ላይ ነው። የዚህኛው 12 እና የዚያኛው 12 አይተካከሉም፤ አንዱ የሐሳቡን ቆይታና ትግሉን፣ ሌላው ትዝታና ቅዠት ምን ያህል እንዳስቸገሩ ይጠይቃል። ማነጻጸር ከፈለጋችሁ ሁሉንም ታካሚ አንድ ዓይነት ጥያቄ ጨምራችሁ ጠይቁ፦ በቀን ስንት ጊዜ፣ ምን ያህል ይቆያል፣ ሲመጣ ምን ያደርጋሉ?

ዬል-ብራውን ያለፈውን ሳምንት፣ ፒሲኤል-5 ያለፈውን ወር ይጠይቃል። «ከባለፈው ገበያ ወዲህ» ማለት «ባለፉት 7 ቀናት» ከማለት ይሻላል፤ ለወሩ በ21 የዋለችውን ማርያም ምልክት አድርጉ። በዬል-ብራውን ሐሳቡ በቀን ከ1 ሰዓት በታች ከወሰደ 1፣ ከ1 እስከ 3 ሰዓት ከወሰደ 2 ነው። ሰዓት ለማያይ ሰው «ቡናው ከአቦል እስከ በረካ ከሚፈጀው ያንሳል?» በሉት፤ ግምት ቢሆንም ይረዳል። እዚያው ትግሉን የሚጠይቀው ቁጥር ወደ ኋላ ይሄዳል፦ «ሁልጊዜ እታገለዋለሁ» ያለ 0 ያገኛል፣ 4 አይደለም።

አራስን አማቷ ባለችበት አትጠይቁ። ሕፃኑን የመጉዳት ሐሳብ ብልጭ ሲልባት ደንግጣ ቢላውን የምትደብቅ እናት ሐሳቡን መጥላቷ ራሱ መረጃ ነው፤ መዝግቡት። «ልክ ነው፣ ማድረግ አለብኝ» ካለች ግን በዚያው ቀን ሆስፒታል ትድረስ፣ ሕፃኑም ከእሷ ጋር ብቻውን አይቅር። በድብርት መጠይቁ በፒኤችኪው-9፣ 9ኛው ጥያቄ፣ ስለ ሞትና ራስን ስለ መጉዳት የሚጠይቀው፣ ከ0 በላይ ከሆነም ድምሩን ሳትጠብቁ ዕቅድ እንዳለው ወዲያው ጠይቁ።