ጨውና ስኳር፦ አዮኒክና ኮቫለንት ቦንድን ቤት ውስጥ እንዴት እንለያለን?

እዚህ ኮየ ፈጬ የማስጠናቸው ልጆች «ሜታልና ኖንሜታል ከሆነ አዮኒክ፣ ሁለቱም ኖንሜታል ከሆኑ ኮቫለንት» የሚለውን ሸምድደው ነው የሚመጡት። ልዩነቱ ምን ያመጣል ስትሏቸው ግን ዝም ይላሉ። በዓይናቸው ቢያዩት ይገባቸዋል። ላብራቶሪም አያስፈልግም።

መጀመሪያ ወረቀት ላይ ገምቱ። ጨው ውስጥ ሶድየም አንድ ኤሌክትሮን ለክሎሪን ይለቃል። ሁለቱም አዮን (ቻርጅ ያለው ቅንጣት) ሆነው ይሳሳባሉ፤ አዮኒክ ቦንድ ይኸው ነው። ስኳር ውስጥ ግን ካርበን፣ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ኤሌክትሮን ይጋራሉ፤ ይህ ኮቫለንት ነው።

ቀጥሎ መሞከሪያውን ሥሩ። አራት ባለ 1.5 ቮልት ባትሪ ድንጋይ፣ ቀይ ኤልኢዲ (ትንሿ መብራት)፣ ባለ 330 ኦም ሬዚስተር (ኤሌክትሪኩን የሚቀንሰው)፣ ሽቦ፣ በሁለቱም ጫፍ የተቀረጹ ሁለት እርሳሶች። ሁሉንም በአንድ መስመር ቀጥሉ፤ በእርሳሶቹ መካከል ብቻ ክፍት ይሁን። የእርሳሶቹን ነጻ ጫፎች የምትፈትኑት ነገር ውስጥ ስትከቱ፣ ኤሌክትሪክ ካሳለፈ ኤልኢዲው ይበራል። የኤልኢዲው ረጅም እግር ወደ ፖዘቲቭ ይዙር። ሁለት ድንጋይ አይበቃም፤ ኤልኢዲው ብቻውን ወደ 2 ቮልት ይወስዳል፣ የጨው ውሃውም የራሱን ይፈልጋል። ሬዚስተሩን አትዝለሉት፤ እርሳሶቹ ከተነካኩ ኤልኢዲው ይቃጠላል። የሶኬት ኤሌክትሪክ ደግሞ በፍጹም አይሞከርም።

ዋናው ጣጣ ውሃው ነው። በቧንቧ ውሃ የተሟሟ ስኳር ኤልኢዲውን ጭል ጭል ያደርገዋል፤ ልጁም «ስኳር አዮኒክ ነው» ብሎ ይደመድማል። ጥፋቱ የስኳሩ አይደለም። አቃቂ አካባቢ ከጥልቅ ጉድጓድ እንደሚወጣው ዓይነት የከርሰ ምድር ውሃ ከአለት ያሟሟቸውን አዮኖች ይዞ ነው የሚመጣው። ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር የዚሁ ምልክት ነው።

ስለዚህ የተጣራ ውሃ ያስፈልጋል። መለዋወጫ ሱቆች ለመኪና ባትሪ የሚጨመር ውሃ ይሸጣሉ፤ ግን እዚያው የባትሪ አሲድም ስላለ፣ ተሳስቶ ቢሰጣችሁ ቆዳና ዓይን ያቃጥላል። እኔ የምመርጠው ቤት ውስጥ ማጣራት ነው። ውሃ አፍልታችሁ ክዳኑ ላይ የሚጠራቀመውን ጠብታ በንጹሕ ብርጭቆ ሰብስቡ። ትዕግሥት ይጠይቃል እንጂ ወጪ የለውም። ምንም ሳትጨምሩ መጀመሪያ ውሃውን ብቻ ፈትኑ። ኤልኢዲው ከበራ አፍሱትና እንደገና ጀምሩ።

አሁን በደረቅ ጨው ላይ ሞክሩ። አይበራም፤ አዮኖቹ ከቦታቸው አይነቃነቁም። ሲሟሟ ይበራል። ስኳሩ ሟሙቶም አይበራም፤ ሞለኪውሎቹ ቻርጅ የላቸውም። መሟሟት ብቻውን ምልክት እንዳልሆነ እዚህ ላይ ንገሯቸው። በየሙከራው መሃል እርሳሶቹን እጠቡ። የጨው ውሃው ውስጥ ከጥቂት ሰከንድ በላይ አታቆዩአቸው፤ ክሎሪን ጋዝ ሊወጣ ስለሚችል መስኮት ይከፈት።

ሎሚ ብትጨምቁስ? ይበራል። ይሁንና ሲትሪክ አሲድ ኮቫለንት ነው፤ አዮን የሚፈጥረው ውሃ ውስጥ ሲገባ ነው። ስለዚህ መብራቱ የሚነግረን አዮን መኖሩን ብቻ ነው። አዮኑ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ወደ ፎርሙላው መመለስ የግድ ነው። ቤኪንግ ሶዳን መጨረሻ ላይ ስጧቸው፦ ሶድየሙ ከባይካርቦኔቱ ጋር በአዮኒክ ቦንድ ተያይዟል፤ ባይካርቦኔቱ ውስጥ ያሉት ካርበን፣ ኦክስጅንና ሃይድሮጅን ግን በኮቫለንት። ሁለቱንም በአንድ ሥዕል ይሣሉት።