ለመንግሥት ሰው መዋሸት፦ አሜሪካ ያለን ሰዎች የምንሳሳታቸው ነገሮች

አሜሪካ ውስጥ ለፌደራል መንግሥት ሠራተኛ አውቆ መዋሸት ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። ሕጉ ክፍል 18፣ ቁጥር 1001 ይባላል። ለመንግሥት ውሳኔ ክብደት ባለው ነገር ላይ የዋሸ ሰው እስከ 5 ዓመት ሊታሰር ይችላል፤ ጉዳዩ ከሽብር ጋር ከተያያዘ እስከ 8። ለወገኖቼ ፎርም እያስተረጎምኩ ዓመታት አልፈዋል። የሚያንገበግበኝ ብዙው ውሸት የማያስፈልግ መሆኑ ነው።

“አልማልኩም እኮ” ማለት። መሐላ አያስፈልግም። በር አንኳኩቶ ለጠየቃችሁ የኤፍቢአይ ሰው በቃል የነገራችሁትም ይቆጠራል።

ደንግጦ “አይ፣ እኔ አይደለሁም” ማለት። ራስን ለማዳን የተባለች “አይ” የምታስጠይቅ አትመስልም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን እ.ኤ.አ. በ1998 ብሮጋን በተባለ ሰው ጉዳይ ታስጠይቃለች ብሎ ወስኗል። ታዋቂዋ የቴሌቪዥን ሰው ማርታ ስቱዋርትም በ2004 ተፈርዶባት 5 ወር የታሰረችው አክሲዮን በመሸጧ አይደለም። ስለ ሽያጩ መርማሪዎችን በመዋሸቷና ምርመራውን በማደናቀፏ ነው። ዝም ማለት ግን መብት ነው። “ጠበቃዬ በሌለበት አልናገርም” በሉ፣ በቃ።

“ፎርሙን የሞላው ሌላ ሰው ነው” ማለት። የፈረማችሁት እናንተ ናችሁ። አንዲት እናት የጥገኝነት ፎርሟን ቅጂ አሳየችኝ። የልጆች ብዛት በሚለው ቦታ “0” ተጽፏል። ሦስት ልጆቿን ግን አዲስ አበባ አያታቸው ጋ ትታ ነው የመጣችው። አንድ አውቃለሁ ባይ “ልጅ አለኝ ካልሽ ኬዝሽ ይበላሻል” ብሏት ነው። ልጅ መኖር ጥገኝነት አያስከለክልም። እንዲያውም በትክክል ብትጽፋቸው ኖሮ፣ ሲፈቀድላት እነሱን ለማምጣት ማመልከት ትችል ነበር። በእንዲህ ያለ ፎርም ላይ አውቆ መዋሸት እስከ 10 ዓመት ሊያሳስር እንደሚችል ስነግራት ወረቀቱን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ለረጅም ጊዜ አልተናገረችም።

ፓስፖርት ከያዙ በኋላ “አለቀ” ብሎ ማሰብ። በደርግ ዘመን ሰው ያሰቃየው ቀልቤሳ ነገዎ በ1995 የአሜሪካ ዜግነት አግኝቶ ነበር። ከዚያ ቀደም ብሎ አትላንታ ሆቴል ውስጥ ሲሠራ የለየችው እሱው ያሰቃያት ሴት ናት። ያለፈ ታሪኩን ደብቆ ያገኘውን ዜግነት በ2004 አጣ። በ2006 ወደ ኢትዮጵያ ተላከ።

ኤርፖርት ላይ መደበቅ። ከ10,000 ዶላር በላይ ይዞ መግባትም መውጣትም ይቻላል፤ ማስመዝገብ ብቻ ነው። ቤተሰብ አብሮ ሲጓዝ ገንዘቡ ይደመራል፣ ስለዚህ በየኪሱ ማከፋፈል አያዋጣም። ቋንጣም እንደዚያው ነው። ከተናገራችሁ ይወስዱታል፣ እናንተ መንገዳችሁን ትቀጥላላችሁ። “ምግብ አልያዝኩም” ብላችሁ ከተገኘ ግን ቅጣት ሊከተል ይችላል።

ያስገባችሁት ፎርም ላይ ስህተት መኖሩን እያወቁ ዝም ማለት። ሳይደረስባችሁ በፊት በራሳችሁ ፈቃድ ማረም ትልቅ ለውጥ ያመጣል። ግን ብቻችሁን አትሂዱ፤ ፎርም የሚሞላ ሰውም ጠበቃ አይደለም። መጀመሪያ የኢምግሬሽን ጠበቃ አማክሩ።

ያቺ እናት ከወራት በኋላ ጠበቃ ይዛ ሄደች። ማስተካከያው ላይ የሦስቱንም ልጆች ስም በገዛ እጇ ጻፈች፣ ከትልቁ ጀምራ።