ከጎረቤት ዋይፋይ ጋር ስንጋፋ የምንሠራቸው ስህተቶች

የምኖረው ሐዋሳ፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። ሳሎን ቁጭ ብዬ ስልኬን ስከፍት የ19 ቤት ዋይፋይ ይደረደርልኛል። ማታ ሁለት ሰዓት ሲል ቪዲዮው መሽከርከር ይጀምራል። ደረጃ ላይ የተገናኘ ሁሉ «ኔትወርኩ ሞተ» ይባባላል።

የመጀመሪያው ስህተት እዚሁ ላይ ነው፦ ሳያረጋግጡ መስመሩን መራገም። ላፕቶፕ በኬብል ከራውተሩ (ዋይፋዩን ከሚያሰራጨው ሣጥን) ጋር አገናኙና ፍጥነቱን ለኩ። በኬብል ፈጥኖ በዋይፋይ ከተንቀራፈፈ መስመሩ ደህና ነው። የተጨናነቀው አየሩ ነው።

«ባዶ ነው» ብሎ መሃል ያለ ቻናል (ዋይፋዩ የሚያወራበትን የአየር መስመር) መምረጥ። እኔም ድፍን ዓመት ቻናል 3 ላይ ተቀምጬ ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ዋይፋይ ከሚሠራባቸው የሞገድ ክልሎች አንዱ በሆነው በ2.4 ጊጋኸርዝ በአብዛኛው ዓለም 13 ቻናል አለ። በአንዱና በሚቀጥለው መካከል ያለው ርቀት ግን 5 ሜጋኸርዝ ብቻ ነው፤ አንድ ዋይፋይ ደግሞ 20 ገደማ ይይዛል። ስለዚህ ሳይነካኩ ጎን ለጎን የሚቀመጡት 1፣ 6 እና 11 ናቸው። 3 ላይ ያለ ሰው አንድ እግሩን 1 ላይ፣ ሌላውን 6 ላይ ያሳርፋል።

ሰው የማያምነኝ ቀጥሎ ያለውን ነው። ከጎረቤት ጋር እዚያው ቻናል ላይ መሆን ግማሽ ለግማሽ ከመደራረብ ይሻላል። ዋይፋይ ከመናገሩ በፊት ያዳምጣል። አንድ ቻናል ላይ ያሉት ስለሚሰማሙ ተራ ይጠባበቃሉ። ተራ አስከባሪ እንዳለው የመናኸሪያ ሰልፍ ነው፤ ይረዝማል እንጂ ይንቀሳቀሳል። ለተደራረቡት ግን የሌላው ወሬ ጫጫታ ብቻ ነው። መረጃው ይበላሻል፣ እንደገና ይላካል፣ ሁሉም ይዘገያል።

የቻናሉን ምርጫ ለአውቶ (ራውተሩ ራሱ እንዲመርጥ) መተው። አውቶ በራሱ መጥፎ አይደለም፤ ጉዱ የመብራት ነው። ብዙ ራውተር ቻናል የሚመርጠው ሲነሳ ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ደግሞ የሕንፃው ራውተር ሁሉ አንድ ላይ ይነሳል። የጎረቤቱ ገና አፉን ሳይከፍት ለእያንዳንዱ ራውተር አየሩ ባዶ ይመስለዋል። እኛ ተነጋግረን ሦስቱን ቻናል በእጅ ተካፈልን። ታች ያሉትን እትዬን «ራውተርዎን ወደ 11 ላዙርልዎት?» ስላቸው «ልጄ፣ ሂሳቡ ይጨምራል?» አሉኝ። አይጨምርም ብዬ፣ ቡና ጠጥቼ ወጣሁ።

ሰፊ ቻናል መክፈት። 2.4 ላይ 40 ሜጋኸርዝ ማብራት ግማሹን መንገድ ለብቻ መያዝ ነው። 20 ላይ መልሱት።

ጉልበት መጨመር። ራውተሩ ይጮኻል፣ ስልካችሁ ግን መልሶ መጮህ አይችልም። ባሩ ሙሉ ሆኖ ገጹ አይከፈትም፤ እላይ ያለው ጎረቤት ደግሞ ያለ ጥፋቱ ተራ ይጠብቃል። ሪፒተርም (ዋይፋዩን ተቀብሎ ወደ ሩቅ ክፍል የሚያስተላልፈው) ብዙ ጊዜ አንዱን ነገር እዚያው ቻናል ላይ ሁለቴ ያወራል።

ሌላውን የሞገድ ክልል፣ 5 ጊጋኸርዝን፣ «ግድግዳ አያልፍም» ብሎ መናቅ። ለኮንዶሚኒየም እኮ ጥቅሙ ይኸው ነው፤ የጎረቤትም እንደ ልቡ አይገባባችሁም። ማይክሮዌቭም አይረብሸውም፤ እሱ የሚሠራው 2.45 አካባቢ ነው። እዚያ ከ36 እስከ 48 ባሉት ቻናሎች ጀምሩ። ከ52 በላይ ያሉት ብዙዎቹ ከራዳር ጋር የጋራ ናቸው፤ ራውተሩ ራዳር ከሰማ ለቆ መውጣት አለበት። ይህን ለማምለጥ ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ ራውተሩ የየትኛውን አገር ሕግ እንደሚከተል የሚቀይር አለ። የሚረበሸው ያኔ ጎረቤት ብቻ አይደለም፤ የአየር ሁኔታ ራዳርም ሊሆን ይችላል።