ከእንግሊዝኛ ወደ ናቫሆ ለሚተረጉም የጎጃም ሰው

መዝገበ ቃላት ከመግለጣችሁ በፊት የእንግሊዝኛውን ዐረፍተ ነገር ወደ አማርኛ መልሱት። ትርፍ ሥራ ይመስላል፤ አይደለም። ናቫሆ፣ የአሜሪካ ነባር ሕዝብ ቋንቋ፣ እንደኛው ግሱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል፣ አድራጊውንም ተደራጊውንም እዚያው ግሱ ውስጥ ይከታል። አሉታውም እንደኛው ከፊትና ከኋላ ይይዛል። «ዪሽቻ» አለቅሳለሁ ነው፤ «ዶ ዪሽቻ ዳ» ደግሞ አላለቅስም። «አል» እና «ም» ግሱን እንደሚያቅፉት ማለት ነው። ከእንግሊዝኛ በቀጥታ የተነሣ ሰው ብዙ ጊዜ ኋለኛዋን «ዳ» ይረሳታል።

ዋሸራ ወይም ጎንጅ ቅኔ ቤት የገባ ሰው ግስ ከነእርባው ሳይያዝ ወደፊት መሄድ እንደሌለ ያውቃል። እዚህም እንደዚያው ነው። ግሱ ሥሩን ከመጨረሻ አስቀምጦ ቅጥያውን ከፊት ይደረድራል፤ በሰባት መንገድም ይረባል፦ ያልተፈጸመ፣ የተፈጸመ፣ በሂደት ያለ፣ የወደፊት፣ ልማዳዊ፣ ተደጋጋሚና ምኞት። የያንግና የሞርጋን ትልቁ መዝገበ ቃላት ግሱን የሚያስገባው በ«እኔ» መደብ ነው፤ በኛ ልማድ «እሱ»ን ይዞ የሚፈልግ አያገኘውም።

ከባዱ ቦታ «ስጠኝ» ነው። ናቫሆ የሚሰጠውን ነገር ቅርጽ ሳያውቅ ግስ አይመርጥም። ስለዚህ የእንግሊዝኛውን ስም አትመኑ፤ ዕቃውን በዓይናችሁ አስቡት። ድንች ወይም ድንጋይ ከሆነ «ሻ ኒኣህ»፤ ዱላ ከሆነ «ሻ ኒቲህ»፤ ገመድ ከሆነ «ሻ ኒሌ»፤ ጋቢ ከሆነ «ሻ ኒልትሶስ»፤ በጣሳ ያለ ውሃ ከሆነ «ሻ ኒካህ»፤ የተነደፈ ጥጥ ከሆነ «ሻ ኒልጆል»፤ ጭቃ ወይም የላመ ቅቤ ከሆነ «ሻ ኒትሌህ»፤ ጥጃ ወይም ሕፃን ከሆነ «ሻ ኒልቴህ»። ለሸክምና ለብዙ ዕቃ ሌሎች አሉ፤ በጠቅላላው 11 ገደማ ናቸው። አንድ ስም ቅርጹ ሲለወጥ ግሱም ይለወጣል፦ ድንቹ ተፈጭቶ ከላመ የመጀመሪያው ግስ አይሠራም። ጽሑፉ ቅርጹን ካልነገራችሁ ደራሲውን ጠይቁ፤ በግምት የተመረጠ ግስ ሌላ ዕቃ ያቀብላል።

የባለቤቱና የተሳቢው ቅደም ተከተል የሚወሰነው ማን አደረገ በሚለው ብቻ አይደለም፤ ማን ይበልጣል የሚለውም ይገባበታል። ሰው ከወፍ ይቀድማል። «ወፍ ልጅቷን በምንቃሯ ወጋቻት» የሚለውን ወፏን አስቀድማችሁ ግሱን በ«ዪ»፣ ፊተኛው አድራጊ ነው በሚለው ቅጥያ፣ ብታስሩት ለተናጋሪው ጆሮ ይሻክራል፤ «አጤድ ትሲዲ ቢሽታሽ» ነው የሚባለው፣ ልጅቷ ከፊት፣ ፊተኛው ተደራጊ ነው የሚለው «ቢ» ከግሱ ላይ። እኛም ብንሆን «ልጅቷን ወፍ ወጋቻት» ማለቱ ይቀለናል።

የዘመድ ስም ያለ ባለቤት አይቆምም፤ «እናት» ብቻውን የለም፣ «ሺማ»፣ እናቴ ነው። የእንግሊዝኛው «ወንድም» ደግሞ ይጎድላል፦ ታላቅ ወንድሜ «ሺናይ»፣ ታናሹ «ሺትሲሊ»፤ ታላቅ እህቴ «ሻዲ»፣ ታናሿ «ሺዴዢ»። አያትም በእናት በኩል ወይም በአባት በኩል መሆኗ ይለያል፦ «ሺማሳኒ» የእናቴ እናት ናት፣ «ሺናሊ» ግን የአባቴ ወገን። ይህን ሳታጣሩ አንድም መስመር አትጻፉ።

ለአዲስ ዕቃ ናቫሆ ቃል መበደር ብዙም አይወድም፤ ሥራውን ገልጦ ይሰይማል። ስልክ «ቤሽ ቤ ሃኔኢ» ነው፣ የሚናገሩበት ብረት እንደማለት። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። በ1942 የአሜሪካ ባሕር ኃይል እግረኞች 29 ናቫሆዎችን መልምለው የጦር ምስጢር ቋንቋ አሠርተው ነበር፤ ምስጢርነቱ የተነሣው በ1968 ነው። የዚያ ዝርዝር ቃላት በየቦታው ይገኛሉ፤ ተራ ትርጉም ግን አይደሉም። በዚያ ዝርዝር ድንች የእጅ ቦምብ ነው፣ ኤሊም ታንክ። ድንች ለሚያመርት የጎጃም ገበሬ የተጻፈን ምክር ከዚያ ቃል ብታወጡት ምን እንደሚሆን አስቡት።

አጻጻፉ በላቲን ፊደል ነው፤ እዚህ በግእዝ የሰጠነው ለጆሮ ያህል ብቻ ነው፣ ከዚህ አትቅዱ። አራት አናባቢዎች አሉ፤ እያንዳንዱ ሊረዝም፣ ከፍ ባለ ድምፅ ሊባል፣ በአፍንጫ ሊወጣ ይችላል። ምልክት አትጣሉ፦ «ኒሊ» የመጀመሪያው ድምፅ ከፍ ሲል «ነህ»፣ ሳይል «ነው» ይሆናል። አማርኛ መጥበቅና መላላትን ስለማይጽፍ ይህን መዝለል ይቀናናል። ጥ፣ ጭ፣ ቅ፣ ጽ አይከብዱንም፤ «ፀሐይን» «ጠሐይ» የሚል አንደበት ያለው ግን ሁለቱን እንዳያደባልቅ ይጠንቀቅ። አዲሱ ድምፅ «ል»ን ያለ ጉሮሮ ንዝረት ከምላስ ጎን በትንፋሽ መልቀቅ ነው።

ረቂቁን ለተናጋሪ ጮክ ብላችሁ አንብቡለት፤ የየት አካባቢ ሰው እንደሆነም ጠይቁ፣ በረዶን አንዱ «ያስ» ሌላው «ዛስ» ይላልና። የተኩላ መሳዩን የካዮቴ ተረት የምትተረጉሙ ከሆነ ክረምታቸውን፣ የበረዶውን ወራት፣ ጠብቁ፤ ከዚያ ውጪ አይነገርም፣ የሚያነብላችሁም ላታገኙ ትችላላችሁ።