አውራ ዶሮው ይጩህ፣ ጎረቤትም ይተኛ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አውራ ዶሮ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ሲጮህ የሚነቃው ባለቤቱ ብቻ አይደለም። የግራውም የቀኙም ጎረቤት ይነቃል። በስንት መከራ የተኛ ሕፃን ይነቃል። ቅሬታው ሲደራረብ ባለቤቱ ይጨነቅና ያየውን የሰማውን ዘዴ ሁሉ ይሞክራል። ዶሮው የሚጎዳውም ብዙ ጊዜ ያኔ ነው። በችኮላ የተሞከረ ዘዴ ወይ አይሠራም፣ ወይ እንስሳውን ያሠቃያል። አንዳንዱ ደግሞ ሁለቱንም ነው።

የአብዛኞቹ ስህተቶች ሥር አንድ ይመስለኛል፤ ዶሮውን ዝም ለማሰኘት መነሣት። ጤነኛ አውራ ዶሮ ዝም አይልም። እኛ መለወጥ የምንችለው ጩኸቱ የሚሰማበትን ሰዓት፣ የሚደርስበትን ርቀትና ብዛቱን ነው። ይህን ከተቀበልን ለዶሮውም ለጎረቤትም የሚበጅ ብዙ ነገር ማድረግ ይቻላል።

1. የሚጮኸው ብርሃን ስላየ ብቻ ነው ብሎ ማሰብ

ብዙ ሰው ዶሮ ቤቱን ያጨልምና ፍጹም ጸጥታ ይጠብቃል። ሌሊት ጩኸቱን ሲሰማ “አልሠራም” ብሎ ይተወዋል። ስንት ጩኸት እንደቀረ ግን አልቆጠረም።

በ2013 እ.ኤ.አ. በጃፓን የናጎያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አውራ ዶሮዎችን ቀንና ሌሊት በማይለይበት ደብዛዛ ብርሃን ውስጥ አቆይተው አዩ። ዶሮዎቹ መንጋቱን የሚነግራቸው ምንም ምልክት ሳይኖር በየ24 ሰዓቱ ገደማ መጮኻቸውን ቀጠሉ። ሰዓቱ ያለው ከውጭ ሳይሆን በገዛ ሰውነታቸው ውስጥ ነው። መብራት በሰዓቱ በሚበራበትና በሚጠፋበት ክፍል ውስጥም ቢሆን፣ መብራቱ ሊበራ 2 ሰዓት ያህል ሲቀረው መጮህ ይጀምሩ ነበር።

ጥናቱ ሌላም ነገር አሳይቷል። ድንገተኛ ብርሃንና የሌላ ዶሮ ድምፅ ዶሮውን ያስጮሁታል፤ ከሁሉ የበለጠ ደግሞ ሊነጋ ሲል። ስለዚህ ማጨለም ጥቅም አለው። የመንገድ መብራት፣ የሚያልፍ መኪናና ሰው ሲያልፍ የሚበራ የግቢ መብራት የሚቀሰቅሱትን ጩኸት ይቀንሳል። የዶሮውን የራሱን ሰዓት ግን አያቆምም። ስለዚህ ጨለማውን ከሌሎች እርምጃዎች ጋር አብራችሁ ተጠቀሙበት።

2. ሲያጨልሙ አብሮ ማፈን

ከሁሉም ስህተቶች የሚያስፈራኝ ይሄኛው ነው፤ ዶሮ የሚገድለው እሱ ነውና። ሰው ብርሃን እንዳይገባ ብሎ ቀዳዳውን ሁሉ በጨርቅ ይወትፋል፣ በላስቲክ ይጠቀልላል፣ ወይ ዶሮውን ካርቶን ውስጥ ከትቶ ይዘጋበታል። ድምፁ በእርግጥ ይቀንሳል። አየሩም እንዲሁ።

ዶሮ አያልበውም። ሙቀቱን የሚያወጣው በዋናነት አፉን ከፍቶ በማለክለክ ነው። የሰውነቱ ሙቀት በጤናውም ጊዜ ከ41 ዲግሪ በላይ ስለሚሆን ወደ አደጋ ለመድረስ ብዙ አይቀረውም። በዚያ ላይ ከኩሱ የሚወጣው አሞኒያ የተባለ ጋዝ በታፈነ ቤት ውስጥ ይጠራቀምና ዓይኑንና ሳንባውን ይጎዳል። ጎንበስ ብላችሁ በዶሮው ቁመት ስታሸቱ አፍንጫችሁን ከቆጠቆጣችሁ፣ ለሱም ከመጠን በላይ ነው ማለት ነው።

መፍትሔው ብርሃንን ከልክሎ አየርን ማሳለፍ ነው። ይህ ከባድ አይደለም። ብርሃን ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ አየር ግን ይታጠፋል። ከመተንፈሻው ቀዳዳ ፊት ለፊት ትንሽ ክፍተት ትታችሁ አንድ ጣውላ አቁሙ። ከዚያ ጀርባ ሌላ ጣውላ በተቃራኒው በኩል አድርጉ። ውስጡን ጥቁር ቀለም ቀቡት። አየሩ እየተጠማዘዘ ይገባል፣ ብርሃኑ እዚያው ጥቁሩ ላይ ይቀራል። ሁለት መተንፈሻ ያስፈልጋል፤ አንዱ ከታች፣ አንዱ ከጣሪያው ሥር፣ ሞቃቱ አየር ወደ ላይ ወጥቶ እንዲሄድ። ቀዳዳዎቹን ጠንካራ ሽቦ አልብሷቸው፤ አይጥና ሌላ አውሬ እንዳይገባ።

በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች፣ በተለይ ሲሞቅ፣ እየሄዳችሁ እዩት። አፉን ከፍቶ የሚያለከልክ ከሆነ፣ ክንፎቹን ከጎኑ አርቆ ከዘረጋ፣ ሙቀት በዝቶበታል። ያን ሌሊት ክፈቱለት። ለጎረቤት ጠዋት ይቅርታ መጠየቅ ይቀላል።

3. ዶሮው እስኪጎብጥ ጣሪያውን ዝቅ ማድረግ

አውራ ዶሮ ሲጮህ አንገቱን ወደ ላይ ይመዛል። ሰዎች ይህን አይተው “አንገቱን ካልመዘዘ አይጮህም” ይላሉ፤ ጣሪያው ጭንቅላቱን በሚነካ ሣጥን ውስጥም ያሳድሩታል። አንገቱን መምዘዝ ሲያቅተው ድምፁ አንዳንዴ ይቀንሳል። ይህ ግን ለመንጠራራት ብቻ ጠባብ በሆነ ሣጥንና ጨርሶ በማያስቆም ሣጥን መካከል ያለውን ልዩነት አይሽረውም። እኔ የምይዘው መለኪያ ይህ ነው፦ ዶሮው ቀጥ ብሎ መቆም፣ መዞርና ቆጡ ላይ እንደልቡ መቀመጥ መቻል አለበት። ይህን ካልቻለ ቦታው ለማደሪያ አይሆንም። የሚያስቆም ግን ለመንጠራራት ጠባብ የሆነ ማደሪያ ቢፈቀድም ለሌሊት ብቻ ነው፤ ቀኑን ሙሉ እዚያ ውስጥ መዋል የለበትም።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ግድግዳው ወፍራም የሆነ ዕቃ ቤት ወይም ጋራዥ ካላችሁ፣ ዶሮውን እዚያ በደንብ በሚያስቆም ማደሪያ ማሳደር የተሻለ ነው። በጋራዥ ከሆነ መኪና እዚያው ማስነሣት አይገባም፤ ጭሱ ዶሮን ቶሎ ይገድላል። ዶሮን ወደዚያ ለመውሰድ ጥሩው ጊዜ መሽቶ ቆጡ ላይ ከወጣ በኋላ ነው። በጨለማ ዶሮ ብዙም አያይም፤ ክንፎቹን ሰብሰብ አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ ብታነሡት ሳይበረግግ ይመጣል። ቀን እያባረሩ መያዝ እሱንም እናንተንም ያደክማል።

4. በስፖንጅና በእንቁላል ካርቶን መታመን

ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ስፖንጅ ክፍሉ ውስጥ ያለውን ማስተጋባት ይቀንሳል። ወደ ውጭ የሚያልፈውን ድምፅ ግን እምብዛም አያቆምም። የእንቁላል ካርቶን ከዚያም ያነሰ ነው፤ ጭራሽ የተባይ መደበቂያ ይሆናል። ድምፅን የሚያስቆመው ክብደት ነው። ጡብ፣ ብሎኬት፣ ወፍራም ጣውላ፣ በመሃሉ የተሞላ ድርብ ኮምፔንሳቶ። ቆርቆሮ ብቻውን ምንም አይጠቅምም። በሩ ሥር ያለች ስንጥቅም ሙሉ ግድግዳ የሠራውን ሥራ ታበላሻለች። ቅድም ያልነው የተጠማዘዘ መተንፈሻ እዚህም ይረዳል፤ ድምፁ ጣውላዎቹን እየገጨ ነው የሚወጣው።

የጩኸቱ ጉልበት ቀላል አይደለም። ቤልጅየም ውስጥ ተመራማሪዎች ማይክሮፎን ከአውራ ዶሮዎች ጆሮ አጠገብ አድርገው ሲለኩ ድምፁ ከ100 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) በላይ ሆኖ አግኝተውታል። ዶሮው ራሱ የማይደነቁረው አፉን እስከ መጨረሻ ሲከፍት የጆሮው ቀዳዳ ስለሚዘጋለት ነው። ጎረቤት እንዲህ ያለ መዝጊያ የለውም።

ከማንኛውም ዕቃ በፊት ግን ቦታውን እዩ። በገላጣ ቦታ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር ድምፁ በ6 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል። ዶሮ ቤቱን ከጎረቤት መኝታ ቤት አርቆ ማዛወርና በሩን ወደ ሌላ አቅጣጫ ማዞር ወጪ የሌለው ትልቅ ሥራ ነው። በሁለት ግድግዳ መካከል ያለ ጥግ ደግሞ ድምፁን አንጸባርቆ ስለሚመልሰው ተመራጭ አይደለም።

5. አንገቱን ማሰር፣ ወይም ቢላ መፈለግ

ጩኸት ለመቀነስ ተብሎ የሚሸጥ፣ አንገት ላይ የሚጠመጠም ጨርቅ አለ። ሐሳቡ ዶሮው ሲጮህ በአንድ ጊዜ የሚያወጣውን አየር መገደብ ነው። ላላ ሲል ምንም አይሠራም፤ ጠበቅ ሲል መተንፈስና መዋጥ ይከለክላል። ሽቦ ላይ ተሰክቶ ሊያንቀውም ይችላል። በማደግ ላይ ያለ ዶሮ ደግሞ አንገቱ በየሳምንቱ ይወፍራል፤ ዛሬ ልክ የሆነው ከጥቂት ጊዜ በኋላ ማነቂያ ነው። እኔ አልመክረውም። የግድ ነው የሚል ሰው ካለ በእንስሳት ሐኪም ምክር፣ ጣት በቀላሉ በሚያስገባ ልክ፣ ዓይኑን ሳያነሣና በየቀኑ እየፈተሸ ይሁን። አንዴ አስሮ መርሳት የለም።

ቀዶ ሕክምናው ከዚህ ይብሳል። የዶሮ ድምፅ የሚወጣው ከጉሮሮው ሳይሆን ደረቱ ውስጥ፣ የአየር ቧንቧው ለሁለት ከሚከፈልበት ቦታ ነው። እዚያ ለመድረስ በአየር ከረጢቶች መካከል ማለፍ ይጠይቃል። ብዙ ዶሮዎች በዚሁ ይሞታሉ።

ማኮላሸትም እንዲሁ። አርኖልድ በርቶልድ የተባለ ጀርመናዊ ተመራማሪ በ1849 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው፣ የዘር ፍሬው የወጣለት ኮርማ ዶሮ እንደ አውራ መጮህና መጣላት ይተዋል። ፍሬው ተመልሶ ሰውነቱ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ጠባዩ ይመለሳል። ሳይንሱ እውነት ነው። ነገር ግን የአውራ ዶሮ የዘር ፍሬ ያለው ሆዱ ውስጥ፣ ጀርባው ሥር ነው። ያለ ማደንዘዣ የጎን ሥጋውን ቀዶ እዚያ መግባት ሥቃይ ነው፤ ክልክል የሆነባቸው አገሮችም አሉ። ለጎረቤት እንቅልፍ ተብሎ የሚደረግ ነገር አይደለም።

6. መቅጣት

በጮኸ ቁጥር እሱ ላይ መጮህ፣ ውኃ መርጨት፣ ጫማ መወርወር። ዶሮ ቅጣቱን ከጩኸቱ ጋር አያያይዘውም። የሚገባው አንድ ነገር ቢኖር እናንተ አስፈሪ ወይም ተፎካካሪ መሆናችሁን ነው። ፈሪው ይሸሻል፣ ደፋሩ እግራችሁን ይወጋል። ሁለቱም መጮኻቸውን አይተዉም። ለውሻ የተሠራ ነዛሪ ማሰሪያ ዶሮ ላይ ማድረግ ደግሞ ጭካኔ ነው።

7. “ዋናውን ጩኸተኛ” ብቻ ማስወገድ

ሁለትና ሦስት አውራ ያለው ሰው፣ ቀድሞ የሚጮኸውን ካራቀ የሚገላገል ይመስለዋል። እነዚያው የናጎያ ተመራማሪዎች በ2015 እ.ኤ.አ. እንዳሳወቁት ግን ንጋት ላይ መጀመሪያ የሚጮኸው የበላይ የሆነው ዶሮ ነው። ሌሎቹ በማዕረጋቸው ተራ ይከተላሉ። የበላዩ ሲወጣ ሁለተኛው ጀማሪ ይሆናል። ጩኸት የሚቀንሰው የአውራዎቹ ቁጥር ሲቀንስ ነው፤ አንዱ ለሌላው መልስ መስጠቱ ይቀራልና። ለ10 ያህል ሴቶች አንድ አውራ ይበቃል። እንቁላል ብቻ ከሆነ የምትፈልጉት አውራ ጭራሹን አያስፈልግም፤ ሴቶቹ ያለ እሱም ይጥላሉ፣ የማይፈለፈል ይሆናል እንጂ።

8. ድንገተኛ ለውጥን አለማየት

ሌሊት የማይጮህ ዶሮ በአንድ ሳምንት ውስጥ እኩለ ሌሊት ላይ መጮህ ከጀመረ መጀመሪያ ዙሪያውን ፈትሹ። አዲስ መብራት ተተክሎ ይሆናል። አይጥ ወይም ድመት ዶሮ ቤቱን እየዞረው ይሆናል። የተቆራረጠና የተደጋገመ የማስጠንቀቂያ ድምፅ ከተለመደው ጩኸት ይለያል፤ እሱን ስትሰሙ ተነሥታችሁ ሂዱ።

9. ጎረቤትን መሸሽ

ፈረንሳይ ውስጥ ሞሪስ የሚባል አውራ ዶሮ በጩኸቱ ተከሶ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ ነበር። በመስከረም 2019 እ.ኤ.አ. ባለቤቱ ረቱ። አገሪቱም በጥር 2021 የገጠርን ድምፅና ሽታ እንደ ቅርስ የሚጠብቅ ሕግ አወጣች። ደስ ይላል። ግን ብዙ ከተሞች አውራ ዶሮ ማርባትን የሚከለክል ደንብ አላቸው፤ የራሳችሁን ሰፈር ደንብ አስቀድማችሁ ጠይቁ። በሕግ መርታትም ጎረቤትን አያስተኛም።

ቅሬታ ሳይመጣ በሩን ማንኳኳት ይሻላል። “የቱ ሰዓት ነው የሚያስቸግራችሁ?” ብላችሁ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ መልሱ “ቀን አይደለም፣ ሌሊቱ ነው” ይሆናል። ያኔ ቁርጥ ያለ ሰዓት ላይ ተስማሙ፤ ለምሳሌ ዶሮው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል በፊት ከማደሪያው አይወጣም። ውስጥ ውኃና ጥሬ አስቀምጡለትና ሰዓቱን በየቀኑ አክብሩ። ቅዳሜና እሑድን ጎረቤት ሊያዘገየው ይፈልግ ይሆናል፤ ጠይቁት።

10. ጫጩት ሲገዙ አለማሰብ፣ ሲቸግር ጫካ መጣል

ከሚፈለፈሉት ጫጩቶች ግማሽ ያህሉ ወንድ ናቸው። ጾታቸው ተለይቶ የተሸጡትም አንዳንዴ ይሳሳታሉ። ጩኸቱ ብዙውን ጊዜ በ4 ወይም በ5 ወር ይመጣል፣ ቀደም የሚሉም አሉ። ስለዚህ ወንድ ሆኖ ቢገኝ ወዴት እንደሚሄድ ጫጩቱን ከመግዛታችሁ በፊት ወስኑ።

ሁሉም ተሞክሮ ካልተቻለ ዶሮውን ለሌላ መስጠት ነውር አይደለም። ነውሩ ጫካ ወይም መንገድ ዳር መልቀቅ ነው፤ ሰው እጅ ያደገ ዶሮ እዚያ በረሃብ ወይም በአውሬ ይሞታል። ሰፊ ቦታና አውራ የሌላቸው ሴት ዶሮዎች ያሉት ሰው ፈልጉ። የት እንደሚያድር፣ ሌላ አውራ እንዳለ፣ ለምን እንደሚፈልገው በግልጽ ጠይቁ። እናንተም የሚጮህበትን ሰዓት ሳትደብቁ ንገሩት፤ ካልነገራችሁት እዚያም ጎረቤት ይማረርና ዶሮው ሌላ ቤት ፍለጋ ይሄዳል። ከአዲሶቹ ጋር ወዲያው አይቀላቀል፤ ለሁለትና ሦስት ሳምንት ለብቻው ሆኖ በሽታ እንደሌለበት ይታይ።