ራጅ ክፍል ውስጥ ማየት የሰለቹኝ ስህተቶች

ይሄን የምጽፈው ራጅ ክፍል ገና መግባት ለጀመራችሁ ነው። ነባሮቹም ብታነቡት አይከፋም፤ ግማሹ ስህተት የነባር ሰው ነውና።

በጣም ከሚያበሳጨኝ ልጀምር፤ ኮሊሜተሩን፣ ማለትም ጨረሩ የሚያርፍበትን ስፋት የሚገድበውን መዝጊያ፣ ወለል አድርጎ ከፍቶ ማንሳት። የሕፃን ደረት ይታዘዛል። ስክሪኑ ላይ የሚመጣው ግን አገጩ፣ ሁለት ክንዶቹ፣ ሆዱ እስከ ዳሌው ድረስ፣ ጥግ ላይ ደግሞ የያዘችው እናቱ ጣቶች ናቸው። ከዚያ በማውስ ጎተት ጎተት ተደርጎ ይቆረጥና የሚያምር የደረት ምስል ሆኖ ለሐኪሙ ይላካል። ሆዱ ግን ጨረሩን ተቀብሏል፣ የእናትየዋ ጣቶችም ተቀብለዋል። በኋላ ስክሪን ላይ መቁረጥ የሚደብቀው ስህተቱን ብቻ ነው፤ ስለተደበቀም ማንም አያርመውም፣ በማግስቱ ይደገማል።

ጨረሩ ሰውነት ውስጥ ሲገባ ከፊሉ እዚያው ይቀራል፣ ከፊሉ አልፎ ምስሉን የሚቀበለው ዲቴክተር ላይ ያርፋል፣ ከፊሉ ደግሞ አቅጣጫውን ቀይሮ ይበተናል። ይሄ እኛ ስካተር የምንለው ነው። ጨረሩ የሚያርፍበት መስክ በሰፋ ቁጥር ስካተሩ ይበዛል፣ ምስሉን ያደበዝዘዋል፣ ክፍሉ ውስጥ የቆመውንም ሰው ያገኘዋል። ስለዚህ ያቺን የኮሊሜተር ቁልፍ አዙሮ ማጥበብ ለታካሚውም ለምስሉም ለእናንተም ነው። የኮሊሜተሩን መብራት አብሩ። ብርሃኑ የት እንዳረፈ በዓይናችሁ እዩ፤ ለሕፃን ደረት ከላይ ትከሻው ጋ፣ ከታች የመጨረሻው የጎድን አጥንት ጋ ሲደርስ ይበቃል። ሁለት ሰከንድ አይፈጅም።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ ስህተት አለ። ብዙ ጀማሪ ጨረሩ የሚወጣበትን ቲዩብ ይፈራል፣ ታካሚውን ግን አጠገቡ ቆሞ ይደገፈዋል። እኛን በዋናነት የሚያገኘን ጨረር ከታካሚው ሰውነት ተበትኖ የሚመጣው ነው። መፍትሔው ደግሞ ነፃ ነው፤ ራቅ ማለት። ርቀቱን እጥፍ ስታደርጉ የሚደርስባችሁ ወደ ሩብ ይወርዳል፣ ሦስት እጥፍ ስትርቁ ወደ አንድ ዘጠነኛ። ተንቀሳቃሽ ማሽን ይዛችሁ ዋርድ ስትገቡ ያ ረጅም ገመድ የተሰጣችሁ ለዚህ ነው፤ ቢያንስ 2 ሜትር ራቁ። ገመዱን ሳይዘረጉ ማሽኑን ተደግፈው ቁልፍ የሚጫኑትን ሳይ ደሜ ይፈላል።

ቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ሲ-አርም (በቀዶ ሕክምና ጊዜ ምስል የሚያሳየው ተንቀሳቃሽ የራጅ ማሽን) ላይ ከሆናችሁ ቲዩቡ ከአልጋው በታች፣ ዲቴክተሩ ከላይ ይሁን። ስካተሩ የሚበረታው ጨረሩ በሚገባበት በኩል ነው። ቲዩቡ ወደ ላይ ሲገለበጥ ስካተሩ በቀጥታ የሚመታው የሐኪሙን ፊትና ዓይን ነው። የዓይን ሌንስ ገደብ እኮ በ2011 ነው ከ150 ወደ 20 ሚሊሲቨርት (የጨረር መጠን መለኪያ) በዓመት እንዲወርድ ዓለም አቀፉ የጨረር መከላከያ ኮሚሽን ምክር የሰጠው።

ጨረር የሚከላከለውን የሊድ (እርሳስ) ጋውን አታጥፉት፤ ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁም ከውጭ አይታይም። ስቀሉት። ጀርባው ክፍት ከሆነ ለታካሚው ጀርባ አትስጡ። የተሠራው ለስካተር ነው፤ ለብሰነዋል ተብሎ ቀጥተኛው ጨረር ውስጥ አይገባም።

የተቀበላችሁትን ጨረር የሚለካውን ባጅ አድርጉት። ንባቡ ከፍ እንዳይል ብሎ መሳቢያ ውስጥ ትቶት የሚገባ ሰው አለ፣ ራጅ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ሰቅሎት የሚሄድም አለ። ሁለቱም ያው ናቸው፤ ገደባችን በአምስት ዓመት አማካይ 20 ሚሊሲቨርት በዓመት ሆኖ ሳለ የት እንዳላችሁ የሚነግራችሁን ብቸኛ ነገር ማበላሸት ነው።

አሁን ደግሞ ዲጂታል ያመጣብን ጣጣ። በፊልም ጊዜ ካበዛችሁ ፊልሙ ይጠቁራል፣ ወዲያው ትነቃላችሁ። ዲጂታል ላይ ሲያንስ ምስሉ አሸዋ አሸዋ ይላል፣ ሲበዛ ግን ያምራል። ባለሙያውም ስለ አሸዋው ተወቅሶ ኤምኤኤሱን (የጨረሩን ብዛት) ትንሽ ከፍ ያደርጋል፣ በሚቀጥለው ወር ትንሽ ከፍ፣ ማንም ሳያውቅ ሁሉም ታካሚ ከሚገባው እጥፍ ይቀበላል። ከምስሉ ጎን የሚመጣውን፣ ዲቴክተሩ ላይ ምን ያህል ጨረር እንደደረሰ የሚጠቁመውን የኤክስፖዠር ኢንዴክስ ቁጥር እዩ! ምስሉ አማረ ማለት መጠኑ ልክ ነው ማለት አይደለም። ኬቪውን (የጨረሩን ጉልበት) በ15 በመቶ ከፍ አድርጎ ኤምኤኤሱን በግማሽ መቀነስም ይቻላል፤ ዲቴክተሩ ላይ የሚደርሰው ተመጣጣኝ ነው፣ ታካሚው ላይ የሚቀረው ግን ይቀንሳል፤ ኮንትራስቱ (የጥቁርና የነጩ ልዩነት) ትንሽ እንደሚወርድ ግን እወቁ።

በሌላ በኩል ያለልክ ማስፈራትም ስህተት ነው። አንዲት አራስ ደረቷን ከተነሳች በኋላ ወተቷን እያለበች ስትደፋ አግኝቻታለሁ፣ ልጁ አጠገቧ እያለቀሰ። «ጨረር አለበት» ብሏት የነበረው ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው ነው። ራጅ እጃችሁን ከቁልፉ ስታነሱ ያበቃል። ክፍሉ ውስጥ አይቀርም፣ ሰውነት ውስጥ አይቀርም፣ ወተት ውስጥም አይገባም። የደረት ራጅ አብዛኛውን ጊዜ 0.1 ሚሊሲቨርት እንኳ አይሞላም። የሆድ ሲቲ ስካን ወደ 10 ሊጠጋ ይችላል። ሁለቱን አንድ አድርጋችሁ አታውሩ።

እርግዝናን ሰው ፊት አትጠይቁ። የ16 ዓመት ልጅ አባቷ አጠገብ ቆሞ «እርጉዝ ነሽ?» ብትሏት መልሷ የታወቀ ነው። አባትየውን በትሕትና ውጭ ይጠብቁን በሉት፣ በሩን ዝጉና «የመጨረሻ የወር አበባሽ መቼ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። የምትነግራችሁን ቀን ጻፉት።